የጥንት ጎራዴ መግዛት ለሚያስብ ሰው የሚሆን ምክር

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)

አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎ ግድግዳ ላይ የአባትዎ ወይም የአያትዎ ጎራዴ ተሰቅሎ እንደ ሆነ የዛሬው ንግግራችን እርስዎን ይመለከታል። በቤትዎ ጎራዴ ባይኖርና የጥንት የጦር ዕቃ የመሰብሰብ አሳብ በቅርቡ ያደረብዎ እንደ ሆነ ደግሞ ይልቁን ይመለከትዎታል። የጥንት ዕቃ ፈላጊው በበዛ መጠን አስመስሎ የሚሠራውም ስለሚበዛ፥ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይጐዳል። በመጀመሪያ ገንዘቡ ይጠፋል፤ ቀጥሎም ሐሰተኛውን ዕቃ እንደ እውነተኛ አድርጎ ለልጆቹ ያወርሳል። ገንዘቡ ተሠርቶ ሊተካ ይችላል፤ የሐሰት ታሪክ ግን አንድ ጊዜ ከቤት ከገባ በኋላ ማስወጣቱ አስቸጋሪ ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር ኢሉባቦር፥ ከኢሉባቦርም ቡሬ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። ቡሬ ከጎሬ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ቈላ በሚወርደው በአሮጌው የነጋዴ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእንግሊዝና በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት መካከል በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከሆነች በኋላ፥ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን በመርከብ የሚመጣው ሸቀጥ በዚህ መንገድ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ የኢሉባቦርም ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም በዚሁ መንገድ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። እንግዲህ ይህ አገር የባዕድ አገር ዕቃ በሁለት በር የሚገባበት ነበረ። አንደኛው በር በምሥራቅ በኩል ከጅቡቲ በአዲስ አበባ አድርጎ የሚመጣው ሲሆን፥ ሁለተኛው በምዕራብ በኩል ከካርቱም በወንዝ የሚመጣው ነው።

የጦርነቱም ታሪክ እንደ ንግዱ ብዙ ነው። በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች ተሰማ ናደው በ1890 ዓ.ም. እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ የወረደውን ጦር የመሩት ከዚሁ ወገን ተነሥተው ነው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው በወጡ ጊዜ፥ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው መንግሥት መቀመጫውን በጎሬ አድርጎ ነበር። ጠላት ጎሬን የያዘው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ልዑል ራስ እምሩም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ተያዙ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር አሶሳንና ጋምቤላን ይዞ ወደ ደጋው ወጣ፤ የኢጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ በሳዮ፥ ማለት በዛሬው ደምቢ ዶሎ፥ እጁን ሰጠ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ የኢሉባቦር ቤት የእንግሊዝ ብረት፥ በሌላው የጀርመን፥ በሦስተኛው የኢጣልያ፥ በአራተኛውም የሱዳን ሰይፍ ቢገኝ አያስደንቅም።

አሁን አንድ ነገር በአሳባችን እናቁም። አንድ ወጣት መምህር በቡሬ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄዶ ጎራዴ ለመግዛት ጠየቀ እንበል። ሽማግሌውም ጎራዴውን ከግድግዳ አውርደው፥ «ልጄ፥ ይህን ጎራዴ አያቴ በዐድዋ ከኢጣልያን መኰንን እጅ የማረኩት ነው» አሉት። ጎራዴው ጥቂት ጐበጥ ያለ ነው። እጀታው ቀንድ ነው። በእጀታው ጫፍ ላይ የብር ገንዘብ ተለብጦበታል፤ በገንዘቡም ላይ 1780 የሚል ቍጥር ይነበባል። በብረቱ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳና የአማርኛ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ከእጀታው ሥር ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን ኮከብ ይታያል። ወጣቱ ይህን ሁሉ ባየ ጊዜ ልቡ ዘለለ፤ የጠየቁትንም ዋጋ ወዲያው ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

እዚህ ላይ ወጣቱን ያዝ እናድርገው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ጎራዴ ሲገዙ የሚመረመረው በአራት ተራ ነው፤ አስቀድሞ ብረቱ፥ ቀጥሎ ጽሕፈቱ፥ ከዚያ እጀታውና አፎቱ፥ በመጨረሻም የባለቤቱ ቃል። አብዛኛው አዲስ ገዢ የሚሳሳተው ይህን ተራ ስለሚገለብጥ ነው። አስቀድሞ ወሬውን ይሰማል፤ ወሬውን ከወደደ በኋላ ብረቱን የሚያየው ወሬውን እንዲያጸናለት ብቻ ነው።

ስለ ብረቱ እንጀምር። በአገራችን የሚገኙት የጥንት ሰይፎች በቅርጻቸው በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው እንደ ማጭድ እጅግ የጐበጠውና በሁለት ወገን የተሳለው ሾተል ነው፤ ጉብጠቱም በጋሻ የተከለለውን ሰው ከጋሻው ጀርባ ለመድረስ ይጠቅማል። ሁለተኛው ጥቂት ጐበጥ ያለው ባለ አንድ ስለቱ ጎራዴ ነው። ሦስተኛው ቀጥ ያለው ባለ ሁለት ስለት ሰይፍ ነው። በምዕራብ ጠረፍ ደግሞ ካስካራ የሚባለው የሱዳን ሰይፍ ሊያጋጥም ይችላል፤ እርሱም ቀጥ ያለና ሰፊ ሲሆን ከእጀታው ሥር የመስቀል ቅርጽ ያለው የእጅ መከላከያ አለው። ይህን ሰይፍ የአገር ቤት ነው ብሎ የሚሸጥም የሚገዛም አይጠፋም።

ብዙ ሰው የጥንት ጎራዴ ሁሉ ብረቱ በአገር ውስጥ የተቀጠቀጠ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባለ እጆቻችን ብረት አቅልጠውና ቀጥቅጠው ብዙ መሣሪያ ሠርተዋል፤ የሙያቸውን ያህል ክብር አለማግኘታቸውም የኅብረተሰባችን ጥፋት ነው። ነገር ግን በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያም በኋላ ብዙ የጎራዴ ብረት ከአውሮጳ፥ ይልቁንም ዞሊንገን ከምትባለው የጀርመን ከተማ፥ እየተገዛ ይመጣ ነበር። እጀታውና አፎቱ የሚሠራው ግን በአገር ቤት ነበር። ስለዚህ በጎራዴው ላይ የዞሊንገን ስም ቢገኝበት «ይህ የፈረንጅ ነው፤ የአባቶቻችን አይደለም» ብሎ መጣል ስሕተት ነው። የእኛ ሰው የታጠቀው፥ የእኛ ሰው እጀታ ያበጀለት፥ የእኛ ሰው የዘመተበት ጎራዴ የኢትዮጵያ ጎራዴ ነው።

እውነተኛውን የጦር ብረት ከማስመሰያው የሚለዩት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ለጦር የተሠራ ብረት ከእጀታው አጠገብ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ በእጅ ሲይዙትም ክብደቱ ወደ እጅ ያደላል እንጂ እንደ አካፋ ወደ ፊት አይጎትትም። ለእንግዳና ለጎብኚ ተብሎ ከመኪና ባሌስትራ ወይም ከጠፍጣፋ ብረት ተቈርጦ የተሠራው ግን ከሥር እስከ ጫፍ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ዝገቱንም ይመልከቱ። የቈየ ዝገት ጠቈር ያለና ጠንካራ ነው፤ በጣት ቢዳስሱት አይራገፍም። በጨው፥ በአሲድ ወይም በእርጥብ አፈር በጥቂት ሳምንት የተፈጠረ ዝገት ግን ቀይ ነው፤ እንደ ዱቄትም ጣትን ያቀልማል። ጥላሸት ማየትም አያታልልዎት፤ ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ዕቃ ሁሉ በጥቂት ዓመት ይጠቍራልና።

ሁለተኛው ምርመራ ስለ ጽሕፈቱ ነው። በዚህ ረገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ከባዕድ ሰብሳቢዎች ይልቅ የታደልን ነን፤ ፊደሉን እናነባለን፥ ታሪኩንም እናውቃለን። የማዕርግ ስም በራሱ የዘመን ምስክር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ «ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ብረት ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆኑ ይገመታል። ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ የሆኑት በ1909፥ ንጉሥ የተባሉት በ1921፥ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት» ተብለው የነገሡትም በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የብዙውን ጎራዴ ዕድሜ ያለ መሣሪያ ሊገምት ይችላል። ፊደሉ ተጣሞ ወይም አንዱ ፊደል በሌላው ቦታ ገብቶ ቢገኝ ግን ወዲያው ሐሰተኛ ነው አይበሉ፤ አማርኛ የማያውቅ የባዕድ አገር ቀራጭ ሥዕሉን እያየ ሲገለብጥ ሊሳሳት ይችላልና።

ከዚህ ጋር አንድ ቀላል ፈተና ልንገርዎ። አጉሊ መነጽር ይያዙና ዝገቱ የበላቸውን ትናንሽ ጕድጓዶች ከፊደሎቹ ጋር ያስተያዩ። ዝገቱ ፊደሉን ቈርጦት ያለፈ እንደ ሆነ ፊደሉ ከዝገቱ ይቀድማል። ብረቱ ሁሉ በዝገት ተበልቶ ሳለ ፊደሉ ብቻ ስለታም ሆኖ ቢገኝ፥ ወይም የፊደሉ መስመር በዝገቱ ጕድጓድ ውስጥ ገብቶ ቢወጣ፥ ጽሕፈቱ በኋላ የተጨመረ ነው። እንዲህ ያለውን ብረት አሮጌ ነው ማለት ይቻላል፤ የታላቅ ሰው ጎራዴ ነው ማለት ግን አይቻልም።

የባዕድ ምልክቶችንም በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በአገራችን ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ረጅም ሳንጃ አለው። በሳንጃው ጀርባ ላይ የተሠራበት ፋብሪካ፥ ወርና ዓመት በቀጭን ጽሕፈት ተቀርጾ ይገኛል። ይህ ዓመት የአውሮጳ አቈጣጠር ነው። በጀርባው 1878 የሚል ያየ ሰው እንደ እኛ አቈጣጠር ካነበበው በሰባትና በስምንት ዓመት ይሳሳታል። ምልክት ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነም ያስታውሱ፤ የሱዳን አንጥረኞች ጥሩ ብረት የሚታወቅበትን የአውሮጳውያንን የጨረቃ ምልክት እየገለበጡ በራሳቸው ሰይፍ ላይ ይመቱ ነበር።

ሦስተኛው ምርመራ እጀታውና አፎቱ ነው። የጥንቱ ጥሩ እጀታ ብዙ ጊዜ ከአውራሪስ ቀንድ፥ አለዚያም ከጎሽ ወይም ከበሬ ቀንድና ከእንጨት ይሠራል። የአውራሪስ ቀንድ ውስጡ ድፍን ሲሆን እንደ ተጣበቀ ጠጕር ጭረት ጭረት ሆኖ ይታያል። የበሬ ቀንድ ግን በተፈጥሮው ውስጡ ባዶ ነው፤ በንብርብር የተሠራ መሆኑም ይለያል። ከብረቱ የሚቀጥለው ጭራ በእጀታው ውስጥ አልፎ በጫፉ ላይ ይቀጠቀጣል፤ መዶሻው ያረፈበትን ቦታ ይመልከቱ። የእጀታው ሌላ ክፍል አሮጌ ሆኖ ይህ ቦታ ብቻ የሚያብረቀርቅ እንደ ሆነ እጀታው በቅርብ ጊዜ ወልቆ ነበር ማለት ነው።

አፎቱም ይናገራል። የቀድሞ ወታደሮቻችን ጋሻቸውን በግራ ስለሚይዙ ጎራዴያቸውን በቀኝ ጐናቸው ይታጠቁ ነበር። በእውነት የታጠቁት አፎት በአንድ ወገኑ በልብስና በአካል ተፈግፍጎ ይለሰልሳል፤ ቀበቶው የሚያልፍበትም ቦታ ይላላል። በሁለቱም ወገን እኩል ያረጀ አፎት የታጠቁት ሳይሆን ያስረጁት ሊሆን ይችላል። ስፌቱ የእጅ ወይስ የመኪና ነው? ብረቱ ሲገባ ልክ ነው ወይስ ይወላወላል? እነዚህን ሳይጠይቁ አይለፉ።

ወደ ዓለም ወጣ ብለን ብንመለከት ይህ ሙያ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የበለጸገው በጃፓን ሰይፍ ነው። ጃፓን በአውሮጳ አቈጣጠር በ1876 በአደባባይ ሰይፍ መታጠቅን ለሕዝቡ ከለከለች። በኋላ ግን በ1934 ጦር ሠራዊቷ ለመኰንኖቹ በጥንቱ ዓይነት የተበጀ አዲስ ሰይፍ አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ለባለ ሌላ ማዕርግተኞች በፋብሪካ የሚሠራ ሰይፍ ታዘዘ። ጦርነቱ በ1945 ባለቀ ጊዜ የአሸናፊዎቹ ወታደሮች እነዚህን ሰይፎች ለመታሰቢያ እያሉ ወደየአገራቸው ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ገበያ ይሸጣሉ፤ አስመሳዩም በየጊዜው ይጨምራል።

አዋቂዎች ታዲያ እነዚህን እንዴት ይለያሉ? የፋብሪካው ሰይፍ በብረቱ ላይ ተራ ቍጥር አለው፤ ያው ቍጥር በአፎቱም ላይ ይመታል፤ ሁለቱ ቍጥሮች ካልተስማሙ ብረቱና አፎቱ አብረው አልተወለዱም ማለት ነው። የመኰንኑ ሰይፍ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። እጀታውን የሚይዘው አንድ የቀርከሃ ችንካር ነው፤ ችንካሩ ሲወጣ እጀታው ይወልቅና የብረቱ ጭራ ይገለጣል። የአንጥረኛው ስም የሚቀረጸው በዚህ በተሰወረው ቦታ ነው። የጭራው ዝገት ቀለም የብረቱን ዕድሜ ስለሚመሰክር አዋቂ ሰው ከቶ አያጸዳውም። አንዳንዱ መኰንን የአያቶቹን የብዙ መቶ ዓመት ሰይፍ በወታደር እጀታ አስገብቶ ዘምቷል፤ ሌላው ደግሞ በችኰላ የተሠራ ብረት ይዞ ዘምቷል፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የሰይፍ ጥበብ ጠባቂ ማኅበር እንዲህ ያለውን እየመረመረ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ከዚህ የምንማረው፥ «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የራሳችንን ምሳሌ ነው። እውነቱ የሚገኘው በሚያብረቀርቀው ቦታ ሳይሆን በተሰወረው ቦታ ነው። የእኛ ጎራዴ ግን ጭራው በጫፉ የተቀጠቀጠ ስለ ሆነ እንደ ጃፓኑ በቀላሉ አይወልቅም፤ ለማውለቅ መሞከርም ማበላሸት ነው። በእኛ ዘንድ የተሰወረው ቦታ የእጀታው ሥር፥ የብረቱ ጀርባና የአፎቱ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቡሬው ወጣት እንመለስ። ወጣቱ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ፥ «አባባ፥ ቢፈቅዱልኝ ወደ ብርሃን አውጥቼ ልየው» ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። በመጀመሪያ በእጀታው ጫፍ ያለውን ገንዘብ አየ። ይህ ገንዘብ ማርያ ትሬዛ የተባለው የጥንት ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1780 ሲሆን፥ ብሩ ከሞተች በኋላ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ያንኑ ቍጥር እንደ ያዘ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ 1780 የሚለው ቍጥር የጎራዴውን ዕድሜ ቀርቶ የብሩንም ዕድሜ አይናገርም።

ቀጥሎ ኮከቡን አየ። ይህን ኮከብ የሰሎሞን ማኅተም ነውና ጎራዴው ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የእንግሊዝ ሰይፍ ሠሪዎች ብረቱ በፈተና ማለፉን ለማመልከት ከእጀታው ሥር ባለ ስድስት ማዕዘን ኮከብ ያደርጉ ነበር። ከእነርሱም አንዱ የለንደኑ ዊልኪንሰን ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ለመኰንኖች በሚሠራቸው ሰይፎች ጀርባ ላይ ከ1854 ጀምሮ ተራ ቍጥር ይመታ፥ ቍጥሩንም በመዝገብ ይጽፍ ነበር፤ ሰይፍ መሥራቱን ያቆመው በ2005 ነው። ቍጥሩ የተገኘ እንደ ሆነ ሰይፉ የተሠራበትን ዓመት ከመዝገቡ ለማወቅ ይቻላል። ወጣቱም የብረቱን ጀርባ በጨርቅ ጠረግ ቢያደርግ ቍጥሩን አገኘ።

በመጨረሻ ጽሕፈቱን አነበበ፤ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ዝገቱም ፊደሉን አልፎ አልፎ ቈርጦታል፤ ስለዚህ ጽሕፈቱ በቅርብ ጊዜ የተጨመረ አይደለም። ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ብረት ግን ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራ ነው። ከኢጣልያን መኰንን በዐድዋ ሊማረክ ከቶ አይችልም።

ታዲያ ሽማግሌው ዋሹ እንበልን? አንባቢ ሆይ፥ አዲስ ሰብሳቢ የሚስተው ሁለተኛው ስሕተት ይህ ነው። የመጀመሪያው ሁሉን ማመን ሲሆን፥ ሁለተኛው ሁሉን ሐሰት ነው ማለት ነው። ወጣቱ በአክብሮት፥ «አባባ፥ አባትዎ ደግሞ ወዴት ዘምተው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሽማግሌው ጥቂት አስበው፥ «አባቴማ በጠላት ጊዜ ከጎሬ ወደ ጎጀብ ከዘመቱት ጋር ነበር፤ የአያቴ ጎራዴ ሁለት ነበር መሰለኝ፥ አንዱን ታላቅ ወንድሜ ወሰደው» ሊሉት ይችላሉ። እንግዲህ ወሬው እውነት፥ ጎራዴው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤት የኖሩ ሁለት ጎራዴዎች አንዱ ሲወጣ ወሬው በቀረው ላይ ይጠጋል። በዚህ ሁኔታ ጎራዴው የዐድዋን ክብር ቢያጣ የአርበኝነትን ክብር ሊያገኝ ይችላል፤ ያም ቢሆን ሌላ ምስክር እስኪገኝ ድረስ ይጠረጠራል እንጂ አይታወጅም።

ስለዚህ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ዋጋ የሚከፈለው ለብረቱ ነው፤ ወሬው ግን ይጻፋል። ለወሬ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ወሬ እንደ ዋጋው ይረዝማልና። ነገር ግን ወሬውን ንቀው አይተዉት። ጎራዴውን በሚገዙበት ቀን ደብተር ይክፈቱና ማን እንደ ሸጠልዎ፥ ከማን እንደ ወረሰው፥ የት መንደር እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ተባለለት፥ እርስዎም በብረቱ ላይ ምን እንዳገኙ ለየብቻው ይጻፉ። የሽማግሌውን ቃል «እንዲህ ተባለ» ብለው፥ የራስዎን ምርመራ «እንዲህ ታየ» ብለው ይለዩት። ብረት ያለ ታሪክ ዲዳ ነው። ከኢሉባቦር ቤቶች ጎራዴው ተሸጦ ወሬው በሽማግሌው አፍ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌው ያረፉ ዕለት ታሪኩም አብሮ ይቀበራል።

ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ ሕጉን ማወቅ ይገባዎታል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ ሳይጠይቁ የቈየ ጎራዴ አይግዙ፤ ለውጭ አገር ሰውም አይሽጡ። ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠ የጦር ዕቃ በስውር ቢያቀርቡልዎ ከቶ አይቀበሉ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ የሆነ እንደ ሆነም፥ የዚህ ቀንድ የንግድ ዝውውር በመንግሥታት ስምምነት ከአውሮጳ 1977 ወዲህ የተከለከለ መሆኑንና ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1981 ዓ.ም. መቀበሏን አይርሱ።

ከገዙ በኋላ ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው። አዲስ ሰብሳቢ ጎራዴውን እቤቱ እንዳስገባ ላብረቅርቀው ይልና በአመድ፥ በጡብ ዱቄት ወይም በሎሚ ይፈትገዋል፤ የብዙ ዓመት ምስክር በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠርገው እንደ ስፌት መኪና ዘይት ያለ ቀጭን ዘይት በስሱ ይቀቡት፤ ከያዙትም በኋላ የጣትዎን ላብ ይጥረጉለት። የኢሉባቦር ዝናም ረጅም፥ አየሩም እርጥብ ስለ ሆነ፥ በክረምት ብረቱን በቈዳ አፎቱ ውስጥ ዘግተው አያስቀምጡ፤ ቈዳ እርጥበትን ይጠጣና ብረቱን በስውር ያስበላዋል። ብረቱንና አፎቱን ለየብቻ፥ በደረቅ ቦታ፥ ልጆች በማይደርሱበት ያኑሩ።

እንደ መጨረሻ ምክርም፥ ከመግዛትዎ አስቀድሞ ብዙ ይመልከቱ። አዲስ አበባ በሚሄዱበት ጊዜ ብሔራዊ ሙዚየምን፥ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን፥ እንደዚሁም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዐድዋ ድል መታሰቢያ ይጐብኙ። እውነተኛውን ደጋግሞ ያየ ዓይን ሐሰተኛውን ሲያይ ይቸገራል። የመጀመሪያ ግዥዎም ታላቅ ስም የተሸከመ ጎራዴ ሳይሆን እንደ ውጅግራ ሳንጃ ያለ፥ ዓመቱ በላዩ የተጻፈ ትንሽ ዕቃ ይሁን፤ ትምህርቱ ርካሽ ይሆንልዎታል።

የቡሬው ወጣትም ነገሩን ሳይደብቅ ለሽማግሌው አስረዳ፤ በጽሕፈት ቤቱ ጠይቆና አስመዝግቦ፥ ጎራዴውን ለሆነው ነገር በሚገባው ዋጋ ገዛ እንበል። ሽማግሌውም ምናልባት፥ «ልጄ፥ እንግዲያውስ የአያቴን ጎራዴ ታሪክም አብረህ ጻፍልኝ፤ ጎራዴው በወንድሜ ልጆች ዘንድ ይኖር ይሆናል» ይሉታል። ወጣቱ ደብተሩን ከፈተ። አንባቢ ሆይ፥ እርስዎም በቤትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ ካለ፥ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ዛሬ ማታ አውርደው ይመልከቱት፤ አባትዎ ወይም እናትዎ በሕይወት እንዳሉም አጠገባቸው ተቀምጠው ይጠይቋቸው፤ ያሉትንም ይጻፉ።